አንድ ቁንጥር ጨው

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግሊዛዊት ከነልጅ ልጃቸው ይዤ ፋሲል ግቢን አሳየሁና ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወሰድኳቸው። ድርቡሽ ቤተ ክርስቲያኑን ሊያቃጥል ሲመጣ ንብ ወጥቶ እንዴት እንዳባረረው ነገርኳቸው። ሴትዮዋ በጽሞና ሰሙኝ፤ የደብሩን ስም ፊደል በፊደል አስጠርተውኝ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ስንወጣ ግን ለልጅቱ ቀስ ብለው ‹ቴክ ኢት ዊዝ ኤ ፒንች ኦፍ ሶልት› ሲሉ ጆሮዬ ገባ። ጨው የሚለውን ብቻ ይዤ ‹ጨዋታው ጣፈጠን› ያሉ መሰለኝና ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በማግስቱ ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት የሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ስጽፍ ‹እንግዶቼ የምነግራቸውን ሁሉ የሚወስዱት በቁንጥር ጨው ነው› ብዬ አሳመርኩት። ሥራ አስኪያጁ ደወለና ‹ውሸት እንደምታወራ በገዛ እጅህ ጽፈህ ላክህልን?› አለኝ። ትርጉሙን ያወቅሁት ያኔ ነው። አሁን ሁለት ነገር ያንገበግበኛል፤ ማመልከቻውና ሴትዮዋ። ውሸታም ማለታቸው ነው? የንቡን ታሪክስ ከዚህ በኋላ ልተወው? ጨው የከበደኝ፣ ከጎንደር ፒያሳ»

መልስ፦ ልጄ፣ እንቅልፍ የነሳህ የሴትዮዋ ነገር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ውሸታም አላሉህም። ለልጅ ልጃቸው የተናገሩት በእኛ አፍ ቢሆን «ስሚው፣ ግን እንደወረደ አትቀበይው» ነው። ውሸታም የተባለን ሰው ወሬ ማንም ማስታወሻ ላይ አይጽፈውም። እሳቸው ግን ስሙን ፊደል በፊደል አስጠርተው ጽፈውታል። ወሬህን ወስደዋል፤ ሲወስዱ ግን አበጥረው ነው። እንግሊዞቹ በዚህ አባባል «ውሰድ» የሚለውን ግሥ ያስቀመጡት ለዚህ ነው። ጣለው፣ ተወው አይልም። ውሰደው፣ ሙሉ በሙሉ ከመዋጥህ በፊት ግን ትንሽ ጥርጣሬ ጨምርበት ይላል።

አንተን ያሳሳተህ አማርኛህ ነው፤ በዚህ ደግሞ ልታፍር አይገባም። በእኛ ዘንድ ጨው ክብር ነው። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ደጋ የወጣ አሞሌ ጎንደር ገበያ ሲደርስ ገንዘብ ነበር፤ ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምር ነበር። ወሬ ለዛ ሲያጣ ጨው የለውም እንላለን። ሰው ራሱን እንዲያስከብር ስንመክር «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» እንላለን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 13 «እናንተ የምድር ጨው ናችሁ» የሚለውን ከልጅነትህ ጀምሮ በየስብከቱ ሰምተኸዋል። ይህን ሁሉ የያዘ ጆሮ «ሶልት» ሲሰማ ምስጋና ቢመስለው ምን ይገርማል?

ደግሞም ጨው በእንግሊዝኛም ሁልጊዜ ለጥርጣሬ አይውልም። ያንኑ የወንጌል ቃል ወስደው ቅንና ደግ ሰውን «ሶልት ኦፍ ዚ ኧርዝ» ይሉታል። ሥራውን አክብሮ የሚሠራ ባለሙያን «ወርዝ ሂዝ ሶልት»፣ ጨው የሚገባው፣ ይሉታል። አንተ ልትጽፍ ያሰብከው ይህችኛዋን ነበር። እሷም ብትሆን ሰው ለሰው ሲላት ነው የምታምረው፤ ለራስህ ብትጽፋት ራስን ማሞገስ ትሆናለች። አየህ፣ አንዱ ጨው ሰውን ያነሣል፣ ሌላው ወሬን ያስመዝናል። የሚለያቸው አጠገባቸው የቆመው ቃል ነው። ከ«ቴክ» ጋር የመጣ ጨው ሁልጊዜ ጥርጣሬ ነው፤ ይህችን ያዝ።

ይህ የጥርጣሬ ጨው ከየት መጣ ብትለኝ፣ ብዙዎች ሥሩን የሚያደርሱት ከአንድ የመድኃኒት ቅመማ ነው፤ ቅመማው ደግሞ ለእኛ ሰው ባዳ አይደለም። በ79 እ.ኤ.አ. በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ጊዜ የሞተው ሮማዊ ሊቅ ፕሊኒ ስለ ንጉሥ ሚትሪዳጦስ ጽፎ ነበር። ይህ ንጉሥ በጥቁር ባሕር ዳር የነበረው የጶንጦስ ገዢ ነው፤ መርዝ ያበሉኛል ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈራ የኖረ ሰው ነው። የሮማው ጦር አዛዥ ፖምፔ ካሸነፈው በኋላ በንጉሡ ዕቃ መካከል አንድ ቅመማ ተጽፎ ተገኘ ይላል ፕሊኒ፤ 2 የደረቀ ዎልነት፣ 2 የበለስ ፍሬ፣ 20 የጤና አዳም ቅጠል፣ አንድ ላይ ተወቅጦ አንድ ፍሬ ጨው ይጨመርበታል። ይህን በባዶ ሆዱ የወሰደ ሰው ያን ቀን መርዝ አይነካውም። ጤና አዳም! እናትህ ከቡና ሲኒ ጠርዝ የምትሰካት ቅጠል የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት በንጉሥ የመርዝ ማርከሻ ውስጥ ነበረች። ያቺ በመጨረሻ የተጨመረችው ፍሬ ጨው በላቲን አፍ ላይ ቆይታ በ17ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የጥርጣሬ ምልክት ሆና እናገኛታለን። አሜሪካኖቹ እስከ ዛሬ «ግሬን»፣ አንድ ፍሬ፣ ይላሉ። እንግሊዞቹ «ፒንች»፣ አንድ ቁንጥር፣ ይላሉ። ትርጉሙ አንድ ነው፤ ካንተ ጋር የነበሩት ሴትዮ እንግሊዛዊት ስለሆኑ ቆነጠሩ።

አጠቃቀሙን በምታውቀው ቦታ ላሳይህ። ማለዳ መናኸሪያ ገብተህ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሚኒባስ ስትፈልግ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!» ይልሃል። አንገትህን ብታስገባ አምስት ወንበር ባዶ ነው። ልጁን ውሸታም ብለህ አትሰድበውም፤ ቆመህም ትኬቴን ቶሎ አምጣ ብለህ አትንገበገብም። ቦርሳህን ወንበር ላይ ታስቀምጥና ከሻይ ቤቱ ደጅ ተቀምጠህ ሻይህን ትጠጣለህ፤ መኪናው እንደሚሄድ ታምናለህ፣ አሁን እንደሚሄድ ግን አታምንም። የእንግሊዝኛው ቁንጥር ጨው ይሄ ነው። ጓደኛህ ለጉዞው አዲስ ቢሆንና በጆሮው «የሚለውን በጨው ውሰደው» ብትለው ልክ ትሆናለህ።

አሁን ለማን እንደሚባል አስተውል፤ ብዙ ተማሪዎቼ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ተማሪ ትርጉሙን ይይዝልኝና ቦታውን ይስታል። ስለራስህ ንግግር ስትለው ትሕትና ነው፤ «ሐኪም አይደለሁም፣ ስለዚህ የምለውን በጨው ውሰደው» ያለ ሰው እኛ «እኔ እንደመሰለኝ ነው እንጂ» የምንለውን ማለቱ ነው። እዚያ ስለሌለ ሰው ወይም ስለ ወሬ ስትለው ጥንቃቄ ነው፤ ስለ ሻጭ ቃል፣ ስለ አየር ትንበያ፣ ሰው ስለ ሆቴል ስለሚጽፈው አስተያየት ይባላል። ፊት ለፊትህ ለቆመ ሰው «ያልከኝን በጨው ነው የምወስደው» ብትለው ግን ይቆረቁራል፤ ለአለቃ፣ ለሽማግሌ፣ ለእንግዳ አይባልም። ሐዘኑን ለሚነግርህ ሰውማ ጨርሶ አታንሣው፤ እዚያ ላይ የሚነሰነስ ጨው ቁስል ላይ ነው የሚያርፈው። ሴትዮዋ ቀስ ብለው፣ ለገዛ ልጅ ልጃቸው፣ አንተ አትሰማም ብለው ነው የተናገሩት። ነገሩን ከነወጉ ያደረጉ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጥርጣሬው ሲበዛ ጨውም ይበዛል። «ኤ ላርጅ ፒንች» ካሉ በትልቁ ቆንጥረዋል ማለት ነው። ላንተ ያንን አላሉም።

ከዚህ በላይ ልነግርህ የምፈልገው ግን የገዛ ከተማህን ነገር ነው። ጄምስ ብሩስን ለእንግዶችህ ታነሣቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ካላነሣህ ከዛሬ ጀምሮ አንሣ። ይህ የስኮትላንድ ሰው በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገባ፤ ቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ደጅ ተቀመጠ፤ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ሰዎች አከመ፤ በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይ ወረደ። አገሩ ተመልሶ በ1790 የጉዞውን ታሪክ በ5 ትልልቅ ቅጾች ሲያሳትም የለንደን ሰው ምን አደረገ መሰለህ? አንድ ቁንጥር አልበቃውም፤ አሞሌውን እንዳለ ጫነበት። ሰዎች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ብሎ በመጻፉ መሳቂያ አደረጉት። ብርንዶ! አንተና እኔ በዓል በመጣ ቁጥር በዳጣ የምንበላውን ነገር ቅዠት ነው አሉት። በሻንጣው ግን ከዚህ አገር ያስገለበጣቸውን የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ነበር። አውሮጳ ሙሉውን መጽሐፍ ካጣው ብዙ መቶ ዓመት ሆኖት ነበር፤ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመው ብሩስ ካመጣው ቅጂ ነው። ያላመኑት ሰው እጅ ውስጥ ምን እንደነበረ አየህ?

ይሁን እንጂ ብሩስ ጨው የማያሻው ሰው ነበር ብዬ አላታልልህም። የዓባይን ምንጭ ከአውሮጳ ሰዎች የመጀመሪያ ሆኜ ያየሁት እኔ ነኝ አለ። ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 እዚያው ምንጭ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከእሱ 152 ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ያው አንዱ ብሩስ በጥሬ ሥጋው ነገር እውነቱን ተናገረ፣ በምንጩ ነገር ግን የማይገባውን ክብር ወሰደ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ትግራይ ድረስ የመጣ አንድ እንግሊዛዊ የብሩስን ጽሑፍ እየመረመረ ከፊሉን ነቀፈ፣ ከፊሉን አጸና። የዚህ መርማሪ ስም ሔንሪ ሶልት ነው። ሶልት፣ ጨው! ይህን ለእንግሊዛውያን እንግዶችህ ስትነግራቸው ፊታቸውን እይ፤ ስለ ሴትዮዋ ያለህ ቅሬታ ያን ቀን ይለቅሃል።

ወደ ንቡ እንምጣ። አትተወው። እኔ ራሴ የሰማሁት ከአያቴ ነው፤ ምድጃ ዳር ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች «ንቡ የሥላሴ ዘበኛ ነው» ስትል እንዝርቷ እንኳ ቀስ ትል ነበር። ይህን የመሰለ ነገር ከጎንደር ሰው አፍ ሲጠፋ ማየት አልፈልግም። ግን አነጋገሩን እናስተካክለው።

የተመዘገበው ይህ ነው። በጥር 1888 እ.ኤ.አ. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳርውኃ ላይ በድርቡሽ ተሸነፉ፤ ድርቡሽ ጎንደር ገባ፤ ከተማዋንና አድባራቱን አቃጠለ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። እዚህ ድረስ ታሪክ ነው፤ ደረትህን ነፍተህ ተናገረው። ንብ ወጥቶ አባረራቸው የሚለው ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ የወረደልን ነው። አንተ ሁለቱን በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ትንፋሽ ተናገርካቸው ብዬ እገምታለሁ። ሴትዮዋ ስፌቱን አዩት። አንተ ራስህ «እስከዚህ የተጻፈ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን ያገሬ ሰው እንዲህ ይለዋል» ብለህ ብትለይላቸው ኖሮ ጨው መፈለግ ባላስፈለጋቸው፤ ቆንጥረህ የሰጠሃቸው አንተ ትሆን ነበር።

ይህ የፈረንጅ ብልሃት እንዳይመስልህ። የጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንት በምን አስተምረው ኖሩ? በ«አንድም» አይደለም? መምህሩ አንድ ፍች ይሰጣል፣ ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሌላ ያመጣል፤ ከሁለቱ የትርጓሜ ትምህርት ቤቶች ላይ ቤቱ እንዲህ ሲል ታች ቤቱ እንዲህ ይላል። ደቀ መዝሙሩ መምህሩ አላወቀም አይልም፤ ብዙ አወቀ ነው የሚለው። «ይባላል»፣ «እየተባለ ይነገራል» የሚሉት ቃሎቻችንም ለዚሁ ሥራ የተቀመጡ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ስትናገር ግን ትጥላቸዋለህ፤ ብዙ አስጎብኚዎች ይጥሏቸዋል፤ በሁለተኛ ቋንቋ ስንናገር ቁርጥ ያለ ዐረፍተ ነገር ስለሚቀለን ነው። «ዚ ኤልደርስ ሴይ» በል፣ ሽማግሌዎች እንዲህ ይላሉ። ሦስት ቃል ናት፤ ከንቡ ታሪክ በፊት አስቀድማት።

ማመልከቻህን በሚመለከት፣ ሥራ አስኪያጁ ደውሎ በመጠየቁ እድለኛ ነህ፤ ብዙዎቹ አንብበው ይጥሉትና ዝም ይላሉ። ዛሬውኑ መልሰህ ጻፍለት። ረጅም ይቅርታ አታብዛ፤ የቋንቋ ስሕተት ኃጢአት አይደለም። እንዲህ የሚል ይሁን፦ «ባለፈው ማመልከቻዬ የተጠቀምኩበት አባባል ካሰብኩት ተቃራኒ ትርጉም እንዳለው አሁን ተረድቻለሁ። ለማለት የፈለግሁት እንግዶቼ ጨዋታዬን ወደው ይሰማሉ ነበር። ስለ ጎንደር ስናገር የተጻፈውን ታሪክና በቃል የወረደውን ለይቼ እናገራለሁ፤ ፈቃድዎ ከሆነ አንድ ቀን መጥተው ይስሙኝ።» እንግሊዝኛው ከአራት መስመር አይበልጥም፤ ከመላክህ በፊት እንግሊዝኛ ለሚችል ሰው አስነብበው። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር እንዳትሰርዛት፤ ቀጣሪ አስጎብኚን የሚመዝነው በወረቀት ሳይሆን ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲናገር ሰምቶ ነው። ቃል የገባኸውን መለየት ግን ከዚያ በፊት ተለማመደው፤ ሲመጣ አፍህ እንዳይያዝ።

ልምምዱን የት እንደምትጀምር ልንገርህ። ሥላሴ ገብተህ ቀና ስትል ጣሪያውን የሞሉት ክንፋም የመላእክት ፊቶች አሉ። ከጨለማው ጋር ዓይንህ ሲላመድ ትልልቅ ዓይኖቻቸው አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ሲያዩ ታያለህ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይመስሉም። ስንት ናቸው ብለህ ብትጠይቅ አንዱ አስጎብኚ አንድ ቁጥር ይነግርሃል፣ ሌላው ሌላ፤ የጉዞ መጻሕፍቱም አይስማሙም። እንግዳ ሁለት ቦታ ሁለት ቁጥር ሲሰማ ምን ያድርግ? ጨውን ያወጣል። ይህ ግን እንደ ንቡ ከአባት የተወረሰ ነገር አይደለም፤ ቆሞ መቁጠር ብቻ ነው የሚፈልገው። ቱሪስት ሳይበዛ በማለዳ ሂድ፣ ካህናቱን አስፈቅድ፣ ወረቀትና እርሳስ ያዝ። ከመግቢያው ጀምረህ መስመር በመስመር እየቆጠርክ የየመስመሩን ለየብቻ ጻፍ፤ አንገትህ ሲዝል ዕረፍ፤ ሲያልቅ እንደገና ከመቅደሱ በኩል ጀምረህ ወደ መግቢያው ቁጠር። ሁለቱ ካልገጠሙ ሦስተኛ ጊዜ ትቆጥራለህ። ከዚያ በኋላ እንግዳ ሲጠይቅህ «በዚህ ወር እኔ ራሴ ቆጥሬያቸዋለሁ» ማለት ትችላለህ።

እኔም በወጣትነቴ ከተማሪዎቼ ጋር ቆጥረናቸው ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ቁጥር አለኝ። አልነግርህም፤ አንተን እንዳይመራህ። ስትጨርስ ያንተን ከነየመስመሩ ጽፈህ ላክልኝና እናስተያያቸው።